ማን ጎደለ? ከነገሌ እስከ ዶሎ ኦዶ ከአንዲት ሕፃንና ከአንዲት ባላንጣ ጋር

ዶሎ ኦዶን ሳታዩ ብትሞቱ ብዙ አልቀረባችሁም። ከተማዋን ለመስደብ አይደለም፤ ሰዎቿ ደጎች ናቸው፣ ሐብሐቧም ጣፋጭ ነው። ግን ዶሮ እንኳ ከአንድ ጥላ ወደ ሌላ ጥላ ለመሻገር ቆማ የምታስብበት አገር ነው። እኔ በኖርኩበት ነገሌ ቦረና ሞቀ ሲባል ሰው ነጠላውን ወደ ትከሻው ዝቅ ያደርጋል። ዶሎ ላይ ሞቀ ሲባል ሰው ዝም ይላል። ይህን የምጽፈው ተመልሼ፣ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው።

የሄድኩት ወድጄ አይደለም። ልጄ ሂሩት ዶሎ ውስጥ የክሊኒክ ነርስ ናት። ባሏ ዮናታን ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ልጃቸው ፌቨን ጡት ከተወች ጀምሮ ነገሌ፣ በእኔ ጉያ ነው ያደገችው። አሁን መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ጣጣው የት ትግባ የሚለው ነው። እኔ ነገሌ ትቅር እላለሁ። የዮናታን እናት ሐዋሳ ትምጣልኝ ትላለች። ወላጆቿ እኛ ጋ ትሁን ይሉና ወዲያው «ግን ሙቀቱ፣ ግን ሥራው» እያሉ ይፈራሉ። በመጨረሻ ሂሩት ደወለችና «ሁለታችሁም ይዛችኋት ኑ፤ ተቀምጠን እንወስናለን» አለች።

ሁለታችሁም። እኔ ከዮናታን እናት ጋር አንድ መኪና ውስጥ! ማን እንደሆነች ልንገራችሁና ፍረዱ።

ትርሲት ትባላለች። በወጣትነታችን ነገሌ ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አብረን ሠርተናል፤ እኔ አስተማሪ፣ እሷ ኃላፊ። መጫወቻ የሚባል ነገር አልነበረንም። ስለዚህ ከየሻይ ቤቱ ቆርኪ፣ ከየጓዳው የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከየልብስ ሰፊው ቁራጭ ጨርቅና ባዶ የክር ማጠንጠኛ እየለቀምኩ ብዙ ካርቶን ሙሉ መጫወቻ ሠራሁ። ልጆቹ በቆርኪ መቁጠር፣ በጨርቅ ቀለም መለየት ተማሩ። አንድ ቀን ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ትርሲት ግቢውን አስጠረገች፤ ካርቶኖቼንም ጭምር። «በእንግዳ ፊት ቆሻሻ አይታይም» አለች። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ነው የተቃጠሉት። እንግዶቹ የሚያማምሩ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ሰጡን፤ እሷም እንዳይሰበሩ ብላ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ልጆቻችን በመስታወት እያዩ አደጉ።

አላበቃም። ሐዋሳ ሄዳ አሠልጣኝ ሆነች። የሥልጠናዋ ርዕስ «በአካባቢያችን ከሚገኙ ቁሳቁሶች የመማሪያ መሣሪያ ማዘጋጀት» ነበር። እኔም ከሠልጣኞቹ መካከል ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ቆርኪ አሳየችን። ቆረቆንዳ አሳየችን። አንዱ እጁን አውጥቶ «ሐሳቡን ከየት አገኙት?» ሲላት «ከልምድ» አለች። የማን ልምድ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ከዚያ እግዜር ራሱ ቀልድ ስለሚወድ፣ ልጄና ልጇ ተጋቡ።

ሰኞ

ትርሲት ከሐዋሳ የገባችው ዋዜማውን፣ እሑድ ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ እየጎተተች መጣች፤ የሰፈራችን ቀይ አፈር አንዱን ጎማ ዋጠው።

«አሁንም ኮብልስቶን አልገባላችሁም?» አለችኝ ገና ሳትስመኝ።

«ቀደም ብለሽ ብታሳውቂን እናነጥፍልሽ ነበር» አልኳት።

ከሻንጣው ውስጥ ታብሌት ወጣ፣ ፓወር ባንክ ወጣ፣ በፕላስቲክ የተለበጡ የሥዕል ካርዶች ወጡ። ፌቨንን አስቀምጣ አንዱን ካርድ አሳየቻት።

«ይህ ምንድነው ፌቪዬ?»

«ውሻ ነው» አለች ፌቨን። «ግን በደንብ በልቷል።»

«ድብ ነው! ድብ በይ።»

«የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። በረዶ አገር ነው የሚኖረው።»

ፌቨን ካርዱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ መሆኑን አየችና በጨዋ ደንብ መለሰችላት።

የእኔ ጓዝ አንድ የተቋጠረ ጨርቅ ነበር። ውስጡ ያለውን ልንገራችሁ፤ የሚቀጥለው ሁሉ በእሱ ላይ ነው። አንድ የፍየል ቁርጭምጭሚት አለ፤ እኔ ነኝ። ቀይ ቆርኪ አለ፤ ፌቨን ናት። የአውራ ዶሮአችን ላባ አለ፤ እሱው ራሱ ነው። የደረቀ የግራር ፍሬ አለ፤ ሲነቀንቁት ስለሚንኮሻኮሽ ድመታችን ነው፣ እንቅልፍ ላይ። ጨዋታው ቀላል ነው። እቃዎቹን ትደረድራላችሁ፣ በጨርቁ ትሸፍናላችሁ፣ ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን አንዱን ታነሳላችሁ። ከዚያ ጨርቁን ገልጣችሁ «ማን ጎደለ?» ትላላችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ በሦስት እቃ ይጫወታል፤ ሲያድግ ትጨምሩለታላችሁ። ባትሪ አይፈልግም።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት፤ እንደ አንዳንዶቹ «ከልምድ»ም አልልም። ልጅነቴ ገና ሳይለቀኝ አሬሮ ተመድቤ ሳስተምር፣ አዴ ሎኮ የምትባል ቦረና ጎረቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን «ስንት ከብት አለሽ?» ብላት፣ የውስጥ ልብስሽን አሳዪኝ ያልኳት ይመስል አየችኝ። ከብት አይቆጠርም። የቆጠሩት ያልቃል፣ ዓይን ይበላዋል። «ታዲያ መጥፋቱን በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ልጆችሽን ቆጥረሽ ነው የምታውቂያቸው?» አለችኝ። ከብቶቹ ማታ ሲገቡ በረቱ በር ላይ ቆማ አንዴ ታያቸዋለች፤ ከዚያ ለራሷ «ኤኙ ባዴ?» ትላለች፤ ማን ጠፋ ማለት ነው። የጠፋችውን ወዲያው ታውቃለች። ክፍሌ ገብቼ ያንኑ በቆርኪ አደረግኩት።

ሰኞ ጠዋት ፌቨን ጨርቁን ፈታችና «የሐዋሳ እማማስ የታለች?» አለችኝ። እውነት ነው፣ ትርሲት ጨርቁ ላይ አልነበረችም። የአዝራር ሣጥኔን በርብሬ ጠርዙ የተሰበረ ጥቁር አዝራር ሰጠኋት። ፌቨን ደስ አላት። ትርሲት አዝራሩን አይታ «የተሻለ አልነበረም?» አለች። ነበረ።

ሾፌራችን ጉዮ ላንድክሩዘሩን በር ላይ አቁሞ «አካም ቡልታኒ?» አለን። እኔና ፌቨን «ናጋ» አልነው። ትርሲት ነገሌ ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ኖራ «እንደምን አደርክ» አለችው።

ከከተማው እንደወጣን ታብሌቱን ከፍታ ለፌቨን ሰጠቻት። ልጅ ይዛችሁ በኮረኮንች የምትሄዱ ሁሉ ስሙኝ፤ መኪና ሲንገጫገጭ የልጅ ዓይን ሩቅ ማየት አለበት እንጂ ጉልበቱ ላይ መተከል የለበትም። ይህን ለትርሲት ነግሬያታለሁ።

«እሷ እኮ እየተማረች ነው አምሳለ» አለችኝ። «የእንስሳት ስም በእንግሊዝኛ።»

ፌቨን ዝሆኑ ላይ ስትደርስ ቁርሷን በሙሉ አወጣችው። ጨጨብሳ ነበር። ከፊሉ ታብሌቱ ላይ፣ የሚበዛው የትርሲት ቀሚስ ላይ። ጉዮ በመስታወት አይቶ «እማማ አምሳለ፣ ላቁም?» አለኝ። «እሷን ጠይቃት» አልኩት።

ከሰዓት ላይ ጎማ ፈነዳ። ጉዮ መፍታት ሲጀምር እኛ የቁጥቋጦ ጥላ ውስጥ ገባን። ብዙም ሳይቆይ ግመሎች መጡ፤ ከኋላቸው ዘንግ ትከሻው ላይ ያጋደመ ሶማሌ ሽማግሌ። ትርሲት ታብሌቱን ከጨጨብሳው ካጸዳች ወዲህ ክብሯን የምትመልስበት ነገር ስትፈልግ ነበርና ዓይኗ በራ። ከጥላው ወጣች፤ ፌቨንን አጠገቧ አቆመች፤ ጣቷን ቀሰረች።

«ፌቪዬ፣ ግመሎቹን እንቁጠር! አንድ! ሁለት! ሦስት!»

ማስጠንቀቅ እችል ነበር። ውሃ እየጠጣሁ ነበር፤ ውሃ እየጠጡ መናገር ደግሞ ነውር ነው።

ሽማግሌው ቆመ። ሰባት ስትል ዘንጉን ከትከሻው አወረደ። ስምንት ስትል ፊቷ ደረሰ። ኦሮምኛ ይችላል፤ የተናገረውን ጉዮም እኔም ሰማን።

«ምን አለ?» አለችኝ ትርሲት ወደኋላ እየሸሸች።

«ይህች ሴትዮ ግመሎቼን በጣቷ ለምን ትወጋብኛለች አለ» ብዬ ተረጎምኩላት። ሌላም ብሏል፤ ልጅ ስላለች ተውኩት።

«እያስተማርኩ ነው በይው!»

«ከብት መቁጠር እዚህ እርግማን ነው ትርሲት። እጅሽን እጠፊ።»

እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተችው፤ እንደተቀጣ ተማሪ። ያቺን ሰዓት ለማየት ብዙ ዘመን ጠብቄያለሁ።

እኔ ግን ከሽማግሌው ጋር ተጣልቶ መለያየት አልፈለግኩም። ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግቼ «አባቴ፣ እኛ እንዲህ ነው የምንጫወተው» አልኩትና ከፌቨን ጋር አንድ ዙር አሳየሁት። ላባውን አነሳሁ፤ ፌቨን ወዲያው «አውራ ዶሮ!» አለች። ሽማግሌው ቁጢጥ ብሎ አየ። ቁጣው ወረደ። ቀና ብሎ መንጋውን በዓይኑ አንዴ ጠረገውና ሳቀ።

«እኔም አንዲት ጎድላብኛለች» አለ። «ጆሮዋ የተቀደደው ግልገል ናት። ሁልጊዜ እሷ ናት።»

ዘንጉን አንስቶ ወደመጣበት ተመለሰ። ፌቨን በኦሮምኛዋ «ወዴት ነው የምትሄደው? አወቅካት እኮ!» ብላ ጮኸችበት። ዞር ብሎ እንዲህ ሲል መለሰላት፦

«ማወቅማ ማንም ያውቃል ልጄ። ተነሥቶ መሄድ ነው እንጂ።»

ጎማው ሳይገባ ግልገሏን እየነዳ ተመለሰ። አንዷን ግመል አቁሞ አለበና ገና አረፋው ያልበረደ ወተት ለፌቨን ሰጣት። ለትርሲትም ሰጣት፤ ያን ያህል ሰው ነው። ከላም ወተት ይልቅ ቀጠን ይላል፣ ጨው ጨው የሚል ጣዕም አለው። ትርሲት ጨርሳ ጠጣችው። ከመጠጣት ሌላስ ምን አማራጭ ነበራት?

ማክሰኞ

ፊልቱ ስንደርስ ተጠባባቂው ጎማም መተንፈስ ጀምሮ ነበር፤ ማክሰኞን እዚያው ዋልን። ያረፍነው ምግብ ቤት ያላት ሀሊማ የምትባል ሴት ጋ ነው። የክፍሏ ቆርቆሮ ስለሚግል የራሷን አልጋ አውጥታ ከዳሱ ሥር አነጠፈችልን፤ እሷ ከልጆቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ተኛች። እኛ ነገሌ እንግዳ ተቀባይ ነን እንላለን፤ ግን አልጋችንን ከቤት አውጥተን አናውቅም።

ምሳ ሩዝ ከፍየል ሥጋ ጋር ነበር፣ ከጎኑ ሙዝ። ነገሌ ሙዝ የሚበላው ከምግብ በኋላ ነው፤ እዚህ ከሩዙ ጋር አብሮ ይጎረሳል። ትርሲት ይህን ስላላወቀች ሙዟን ለኋላ ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ሀሊማ ያ አልጣማት ይሆናል ብላ ሌላ ሰጠቻት። እሱንም ወደ ጎን። ሀሊማ የበሰለ መርጣ አመጣች። ምሳው ሲያልቅ ትርሲት ፊት ሙዝ ተደርድሮ የጉልት ነጋዴ መስላ ነበር።

«እህትማማች ናችሁ?» አለችን ሀሊማ።

«አይደለንም!» አልን በአንድ ድምፅ።

«እኔ ደግሞ እህት ብቻ ነው እንዲህ የሚኮራረፈው ብዬ ነው።»

ከሰዓት ታብሌቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ። በጣም ሞቆኛል የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ የዚያን ቀን ከሁላችንም እውነት የተናገረ እሱ ነው። ፌቨን ከሀሊማ ልጆች ጋር ገጠመች። ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ጨርቁ ነበራቸው። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ፌቨን ከሽማግሌው ወዲህ ጨዋታውን ቀይራዋለች። የጎደለውን መናገር ትታ ብድግ ትላለች፤ ደባቂውን ትበረብራለች፣ ኪስ ትገባለች፣ እቃውን አምጥታ ቦታው ላይ ካላስቀመጠች አይሆንላትም። «ንገሪን እንጂ» ስላት «ማንም ያውቃል» አለችኝ። የሀሊማ ልጆች በጣም ስለወደዱት ግቢው በፖሊስ ፍተሻ የተወረረ መሰለ።

የትርሲት ካርዶች አቧራ ላይ ወድቀው ቀሩ። እሷ አልለቀመቻቸውም። ፌቨን በሙቀቱ ተዝለፍልፋ ስትተኛ ግን ድቡን አነሣችና ከራስጌዋ ተቀምጣ ታራግብላት ጀመር። እጇን እየቀያየረች፣ ልጅቷ እስክትነቃ አላቆመችም። አየኋት። ካርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ሰጠ።

ረቡዕ

ከፊልቱ ወደ ዶሎ ቀኑን ሙሉ ነው። ልጅ ይዞ ቀን ሙሉ ለመጓዝ የሚያስፈልገው አሮጌ ካልሲ ነው። እጄ ላይ አጠለቅኩት፤ የተረከዙ ቀዳዳ አፍ ሆነ፤ «አቶ ካልሲ» ተባለ። አቶ ካልሲ በመንገዱ ሁሉ ያማርራል። ውሃ ጠማኝ ይላል፣ ፌቨን ታጠጣዋለች፤ በዚያው እሷም ትጠጣለች። ጠጪ ብትሏት አትጠጣም። ደክሞኛል ይላል፣ ታስተኛዋለች፤ በዚያው እሷም ትተኛለች። ትርሲት ስትሰማ ቆይታ «ይህ መቼም ጥሩ ዘዴ ነው» አለች። «ጻፊው» አልኳት። «በሥልጠና ላይ ይጠቅምሻል።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ቋጠሮዬን አስፈታኝ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አጥንቱን አንስቶ።

«እማማ ናት» አለችው ፌቨን።

አጥንቱን አየ፣ እኔን አየ። ጉዮን ሳል ያዘው። ፌቨን «ዓይንህን ጨፍን» ስትለው ሰውዬው ጨፈነ፤ ሕግ አስከባሪም ልጅ ሆኖ ያውቃል። ሦስቴ ተሸነፈ። ተራው ደርሶ ላባውን ቆቡ ውስጥ ሲደብቅ ፌቨን ወንበሩ ላይ ቆማ በመስኮቱ ቆቡን አነሣችበት። ራሱ መላጣ ነበር። ጓደኞቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። «እለፉ፣ እለፉ» አለ፤ የትርሲትን ሻንጣ ሳይነካ።

ዶሎ ስንገባ ሂሩት በሩ ላይ እየጠበቀች ነበር። የሥራ ጋውኗን አላወለቀችም። ተንበረከከችና እጆቿን ዘረጋች። ፌቨን ከቀሚሴ ኋላ ገባች። ቆይታ አንድ እጇን ብቻ አውጥታ ጨበጠቻት።

«ሰላም ነሽ ሂሩት?» አለቻት፣ እንደ ጎረቤት።

ሂሩት «ሰላም ነኝ» አለች። ዮናታን ወደ መሬት አየ። እኔ ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም።

ሐሙስና ዓርብ

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፣ ግቢው ሰፊ፣ አንድ የማንጎ ዛፍ አለው። ገናሌና ዳዋ የሚገናኙት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው አሉን፤ ለማየት አልሄድኩም። ወንዝ ሲገናኝ ለማየት ያን ያህል ፀሐይ አልበላም።

ሐሙስ ሂሩት ልጅቷን ለማባበል ያልሞከረችው የለም። ፀጉሯን ልትሠራት ስትል «እማማ ናት የምትሠራኝ» ተባለች። ልታጎርሳት ስትል ፌቨን አፏን ወደኔ አዞረች። በመጨረሻ ክሊኒኩን ላሳያት ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት፤ ፌቨን እየተጎተተች ሄደች። ሲመለሱ ሂሩት ጨርቁ አጠገብ ተቀምጣ፣ «እኔስ የለሁበትም?» አለች።

ፌቨን አሰበችበት። «እቃ የለሽም።»

ሂሩት ከጋውኗ ኪስ ሰማያዊ የመርፌ ክዳን አወጣች፣ አዲስ፣ ገና ያልተነካ። ዮናታንም ከመሣሪያ ሣጥኑ አንድ ብሎን አመጣ። ፌቨን ሁለቱንም ጨርቁ ጠርዝ ላይ፣ ከአውራ ዶሮው ቀጥሎ አስቀመጠቻቸው። ሂሩት ስትጫወት ደጋግማ ተሸነፈች። እያወቀች እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዓይኗ እቃዎቹ ላይ ሳይሆን ልጅቷ ላይ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሂሩት ወደ ሥራ ወጣች፤ ምሳ ላይ ተመልሳ እንድንወስን ተስማማን። ትርሲት ግን ዮናታን ባለበት ቀደም ብላ ጀመረች። የሐዋሳው ትምህርት ቤት ዥዋዥዌ አለው፣ አውቶቡስ አለው፣ መምህሮቹን እሷ ናት ያሠለጠነቻቸው።

«ልጅቷ እኔን ትታ የትም አትሄድም» አልኩ። «ከፈለጋችሁ እዩ።»

ጨርቁን ዘረጋሁ። ሁላችንም ነበርን፤ አጥንቱ፣ ቆርኪው፣ አዝራሩ፣ ላባው፣ የግራር ፍሬው፣ መርፌ ክዳኑ፣ ብሎኑ። ፌቨን ዓይኗን ጨፈነች። እኔን ራሴን አነሣሁ። ስትገልጥ ሳታመነታ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ እጇን ኪሴ ውስጥ ከተተች፣ አጥንቱን አወጣች፣ መለሰችው። ትርሲትን ቀና ብዬ አየኋት።

«ቆይ፣ እኔም አንድ ላንሣ» አለች።

ያነሣችው ሰማያዊውን ክዳን ነው። ሆን ብላ ይሁን ሳታስብ እስከዛሬ አላወቅኩም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

ፌቨን ጨርቁን ገለጠች። አየች። ትርሲት እጇን ጨብጣ እንድትበረበር ጠበቀች። ፌቨን ግን ወደሷ አልሄደችም። ተነሥታ ጫማዋን አደረገች፤ ግራውን በቀኝ። በሩን ገፋችው። ወጣች።

«ፌቪዬ? እዚህ እኮ ነው፣ እጄ ውስጥ!» ብላ ትርሲት ጮኸች። አልዞረችም።

ሦስታችንም ተከተልናት። ዮናታን ሊያቆማት ሲል እጁን ያዝኩት። ውሃ የጫኑ የአህያ ጋሪዎችን አለፈች፣ ሐብሐብ ሻጮቹን አለፈች፤ ትናንት እየተጎተተች የሄደችበትን መንገድ ዛሬ ማንም ሳይጎትታት። ክሊኒኩ በር ላይ ዘበኛው «ማንን ነው?» ሲላት በእጁ ሥር ሾልካ ገባች። ሂሩት ጓንት እንዳደረገች ወጣች። ፌቨን የጋውኗን ጫፍ ያዘችና ጎተተቻት።

«ነይ» አለቻት። «ጎድለሻል።»

እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ጫማዬን አውልቄ የገባብኝን ጠጠር አራገፍኩ። ጠጠር አልነበረበትም።

ምሳ ላይ ማንም ሊጀምር አልፈለገም። እኔ ጀመርኩ። «የዚህ ትምህርት ቤት አጥሩ ደህና ነው?» አልኳት ሂሩትን። «ዩኒፎርሟን ነገሌ አሰፋላታለሁ፤ የእናንተ ሰፊ ኮሌታ ያጣምማል።» ሂሩት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማዬ…» አለች። «ብዪ፣ ይበርዳል» አልኳት፤ እዚያ አገር የሚበርድ ነገር እንደሌለ እያወቅኩ።

«ሐዋሳ ግን ትምህርቱ…» አለች ትርሲት። ቀና ስትል ፌቨን እጇን በእናቷ ጋውን ኪስ ውስጥ ከታ ሩዝ ታኝካለች። «…ትምህርቱ የትም አንድ ነው» ብላ ጨረሰችው። ለአሠልጣኝ ትልቅ ንግግር ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ፌቨን ጨርቁን ራሷ ፈትታ እቃውን አካፈለች። ቀዩን ቆርኪ፣ ሰማያዊውን ክዳንና ብሎኑን አስቀረች። አጥንቱንም አስቀረች።

«እኔንም?» አልኳት።

«አንቺ እዚህ ሁኚ። ስትጎድዪ አውቃለሁ።»

ላባውንና የግራር ፍሬውን መለሰችልኝ፤ አውራ ዶሮና ድመት ቤታቸው ነገሌ ነው። አዝራሩንም ሰጠችኝ። «የሐዋሳ እማማን አድርሻት» አለችኝ። አቶ ካልሲን ግን ደብቃ አስቀርታለች፤ ያወቅኩት ነገሌ ከገባሁ በኋላ ነው።

ያለ ልጅ መኪና ውስጥ መቀመጥ ይከብዳል። የሚያስታውክ የለም፣ የሚጠማው የለም። ጉዮ በመስታወት ያየንና መልሶ መንገዱን ያያል። ታብሌቱ ባትሪ ነበረው፤ ማንም አልከፈተውም። ቦቆልማዮን ካለፍን በኋላ ትርሲት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አምሳለ። ያኔ ያቃጠልናቸው ካርቶኖች…»

ጠበቅኩ። ይህን ለመስማት ነው ያረጀሁት።

«…በረሮ ነበረባቸው እኮ» አለች።

«በረሮም ይቆጠራል» አልኳት። «እሱ ዓይን አይበላውም።»

ጉዮ መሪው እስኪስተው ድረስ ሳቀ። እሷም መጨረሻ ላይ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «አምጪው በይ ጨርቁን። መንገዱ ረጅም ነው።»

መቀመጫው ላይ ዘረጋሁት። ላባ፣ የግራር ፍሬ፣ አዝራር፤ ከዶሎ ያመጣኋቸውን የማንጎ ፍሬና ጠጠሮች፣ የሀሊማ ልጆች የሰጡንን ዶቃ ጨመርኩበት። ትርሲት ጨፈነች፤ አንድ አነሣሁ፤ ገለጥኩላት።

«ቀዩ ቆርኪ» አለች ወዲያው።

«እሱን ሁለታችንም እናውቃለን። ከእሱ ሌላ።»

ጎንበስ ብላ አየች። መነጽሯን አወለቀች፣ አደረገች። ላባውን ነካች፣ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አየች። «ምንም አልጎደለም» አለች። «ሁሉም አለ።»

«እንደገና እዪ።»

ጥቁሩ አዝራር መዳፌ ውስጥ ነበር። እስከ ፊልቱ ድረስ ስትፈልግ ሄደች፤ አላገኘችውም። እኔም አልነገርኳት።